ፈሳሽ ክሪስታልና የሒሳብ ሞዴል

እኛ የአርት ፋክልቲ ተማሪዎች «የሒሳብ ሞዴል» ሲባል ስንሰማ ጉዳዩን ለሳይንስ ተማሪዎች ትተን እናልፋለን። ይሁን እንጂ በእጅ ሰዓታችን ላይ ቁጥር የሚያሳየው የፈሳሽ ክሪስታል አሠራር የሚገለጸው በዚሁ ስለ ሆነ ልንመረምረው ይገባናል።

ፈሳሽ ክሪስታል እንደ ዘይት ይፈሳል፤ ሞለኪውሎቹ ግን እንደ ነዶ አገዳ ወደ አንድ ወገን ይሰለፋሉ። ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ሊቅ ራይኒትሰር በ1888 እ.ኤ.አ. ሁለት ጊዜ የሚቀልጥ ነገር ባየ ጊዜ ይህ ጠባይ መታወቅ ጀመረ።

ስሱ ንጣፍ በሁለት መስተዋቶች መካከል ሲገባ በዳር ያሉት ሞለኪውሎች በመስተዋቱ ተይዘው ይቀራሉ። የኤሌክትሪክ መስክ መካከለኞቹን ሊያዞር ይታገላል፤ የንጣፉ የመለጠጥ ኀይል ደግሞ ይመልሳቸዋል። ሒሳቡ ሞለኪውሎቹን አንድ በአንድ አይቈጥርም፤ በየስፍራው አንዲት ቀስት አኑሮ የጉልበቱ ድምር እጅግ የሚያንስበትን አሰላለፍ ይፈልጋል።

ውጤቱ ያስደንቃል። መስኩ ከተወሰነ ልክ እስኪያልፍ ንጣፉ ከቶ አይዞርም፤ ካለፈ ግን መዞር ይጀምራል። የሩስያው ሊቅ ፍሬዴሪክስ ከባልደረባው ጋር በ1927 እ.ኤ.አ. በማግኔት መስክ ያሳየው ይህንኑ ነው። ንጣፉ በግማሽ ሲሳሳ የሚያስፈልገው መስክ እጥፍ ይሆናል፤ ቮልቱ ግን የመስኩና የውፍረቱ ብዜት ነውና አይለወጥም፤ ብዙውን ጊዜም አንድ ቮልት ገደማ ነው። ትንሽ ባትሪ የሚበቃበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ነገር ግን መስተዋቱ ሞለኪውሎቹን አላልቶ ቢይዝ ልኩ ዝቅ ይላል። እንግዲህ ሞዴል እንደ ታሪክ ጸሐፊ ጥቂቱን መርጦ ብዙውን ይተዋልና፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ «የተተወው ምንድር ነው? መተውስ ይገባዋልን?» ብለን መጠየቅ የኛም ድርሻ ነው።