የልጆችን መልክ በፎቶግራፍ ስለ ማስቀረት

ልጅ የወለደ ሰው ሁሉ የልጁን መልክ በፎቶግራፍ ማስቀረት ይወዳል፤ ሕፃንነት ፈጥኖ የሚያልፍ ዘመን ነውና። ነገር ግን መውደድ ብቻውን አይበቃም፤ ማወቅም ያስፈልጋል። ይህንንም የተማርነው በራሳችን ጥፋት ነው።

ባንድ የፋሲካ ዕለት፥ በጉለሌ በቤታችን ግቢ፥ ትንሿን ልጃችንን ነጭ ልብስ አልብሰን ከቀኑ በ6 ሰዓት ፀሐይ ላይ አቁመን አነሣናት። ሥዕሉንም አሳትመን መንዝ ላሉት አያቷ በመንገደኛ ላክንላቸው፤ እርሳቸው ልጅቱን ከቶ አይተዋት አያውቁም ነበር። የመለሱልንም ቃል «ቀሚሷን አየሁት፤ ዓይኗስ የት አለ?» የሚል ሆነ። አሻሽለን ያነሣነው ሁለተኛው ሥዕል ሲደርስ ግን አሮጊቷ ዐርፈው ነበር። ሌላው ወላጅ እንደ እኛ እንዳይጸጸት ያወቅነውን እንጽፋለን።

ይህ ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፥ ከእርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ በዚህ ሥራ የታወቁ ነበሩ። ጥበቡ ለዓለም በተገለጠበት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1839 ዓ.ም.፥ አንዱን ሥዕል ለማንሣት ደቂቃዎች ይፈጅ ስለ ነበር የሚነቃነቅ ሕፃን መልኩ ይደበዝዝ ነበር። ዛሬ ግን መልካም ብርሃን ካለ በእጅ ስልክ እንኳ በሰከንድ 250ኛ ክፍል ይነሣል፤ ስለዚህ ልጁን «አትነቃነቅ» እያሉ ማስጨነቅ አያስፈልግም።

1ኛ፤ ብርሃኑን መምረጥ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ፀሐይዋ ብርቱ ነው፤ በቀትርም ከአናት ወርዶ ዓይንን በቅንድብ ጥላ ይጋርደዋል። ስለዚህ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ማንሣት፥ ወይም ልጁን በበረንዳ ጥላ ውስጥ ፊቱን ወደ ብርሃኑ መልሶ ማቆም ይሻላል። የፊቱ አንዱ ወገን የጨለመ እንደ ሆነ፥ አንድ ሰው በዚያ ወገን ነጭ ነጠላ ዘርግቶ ቢይዝ ብርሃኑን ይመልስለታል።

2ኛ፤ ነጭ ልብስ በበዛበት ሥዕል መኪናው ብርሃኑን ስለሚቀንስ የጠይም ልጅ ፊት ይጨልማል። በስልክ የሚያነሣ ሰው በመስታወቱ ላይ የልጁን ፊት በጣቱ ይንካ፤ ያን ጊዜ መኪናው ለልብሱ ሳይሆን ለፊቱ ይለካል።

3ኛ፤ ከላይ ቁልቁል ማንሣት ልጁን ድንክ ያስመስለዋል፤ ተንበርክኮ ከዓይኑ ትክክል መሆን ይገባል። እጅግ መቅረብም አፍንጫውን ያገዝፈዋል፤ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ማለት መልካም ነው።

4ኛ፤ ልጁን «ሳቅ» ብሎ ማዘዝ የሐሰት ሳቅ ያመጣል። ይልቁንም «እንቆቅልህ» ይበሉት፤ መልሱን ሲያስብና ሲያገኝ የሚታየው መልክ እውነተኛው መልኩ ነው።

ሥዕሉም መልካም የወጣ እንደ ሆነ በስልክ ውስጥ ተቀብሮ አይቅር፤ አሳትሞ፥ በስተ ጀርባው የልጁን ስምና ቀኑን በእርሳስ ጽፎ ለዘመድ መላክ ይገባል። ይህንም ለነገ ማለት መልካም አይደለም፤ ልጁ ያድጋል፥ አያቱም ያረጃሉና።