የርቀት ሕክምና ለአረጋውያን፤ ከመሣሪያው በፊት መሟላት ያለባቸው ጉዳዮች

መቀሌ፦ በመቀሌ ከተማ ዓዲ ሓቂ ክፍለ ከተማ የሚኖሩ አንድ አረጋዊ የስፔሻሊስት ሐኪም ምርመራ ሲያስፈልጋቸው በአብዛኛው የሚላኩት ወደ ዓይደር አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ጉዞው ለጤነኛ ሰው ቀላል ነው። ከአልጋ መነሣት ለተሳናቸው አዛውንት ግን ተሽከርካሪ፣ ደጋፊና የአንድ ቀን ድካም ይጠይቃል። በዚህም የተነሣ ብዙዎች ሕመሙ እስኪጠና ድረስ ክትትላቸውን ያቋርጣሉ። የርቀት ሕክምና ወይም ቴሌሜዲሲን ይህንን ክፍተት ለማጥበብ የሚያገለግል አሠራር ነው።

አሠራሩ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ሐኪሙና ታካሚው በቪዲዮ ወይም በስልክ በቀጥታ የሚነጋገሩበት ነው። ሁለተኛው የራጅ ምስል፣ የልብ ምርመራ ውጤት ወይም የቁስል ፎቶግራፍ ተልኮ ሐኪሙ በሚመቸው ሰዓት ተመልክቶ ምላሽ የሚሰጥበት ነው። ሦስተኛው የደም ግፊትን፣ የስኳርንና የኦክስጅን መጠንን በየጊዜው በመለካት ውጤቱን ለሐኪም የማስተላለፍ ክትትል ነው።

በሆንግ ኮንግ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ላይ ተካሂዶ እ.አ.አ በ2001 ውጤቱ የታተመ የሙከራ ጥናት፣ በቪዲዮ የተሰጠው አገልግሎት በሰባት የሙያ ዘርፎች ከ60 እስከ 99 በመቶ ለሚሆኑት ጉዳዮች በቂ እንደነበር አመልክቷል። የአሃዙ ስፋት እንደሚያሳየው ግን ሁሉም ሕመም ከርቀት አይታከምም። የመድኃኒት ክለሳ፣ የደም ግፊትና የስኳር ክትትል እንዲሁም የቁስል ምልከታ ለአሠራሩ ይመቻሉ። በመውደቅ ምክንያት አጥንት መሰበሩ ሲጠረጠር፣ የደረት ውጋት ሲከሰት ወይም አንደበት በድንገት ሲተሳሰር ግን ታካሚውን ያለመዘግየት ወደ ሆስፒታል ማድረስ ግድ ነው።

ኢትዮጵያ ለዘርፉ እንግዳ አይደለችም። በ1999 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተመረቀው የፓን አፍሪካ የኤሌክትሮኒክስ ኔትወርክ የሙከራ ፕሮጀክት ጥቁር አንበሳና ነቀምቴ ሆስፒታሎችን በሕንድ ሃይደራባድ ከተማ ከሚገኘው ኬር ሆስፒታል ጋር ማስተሳሰርን ያካተተ ነበር። ይህ ትስስር ሆስፒታልን ከሆስፒታል የሚያገናኝ ነበር። ለአረጋውያን የሚያስፈልገው ግን ሆስፒታልን ከመኖሪያ ቤትና ከመጦሪያ ማዕከል ጋር የሚያገናኝ መስመር ነው። በአገሪቱ እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት ጧሪ ደጋፊ ያጡ ወገኖችን ቢያስጠጉም፣ አብዛኛው አረጋዊ የሚጦረው በልጆቹና በዘመዶቹ ቤት ነው።

በመሆኑም የአገልግሎቱ ዋነኛ ምሰሶ ካሜራው ሳይሆን ከአረጋዊው አጠገብ የሚገኘው ባለሙያ ነው። ሐኪሙ በእጁ የማይዳስሰውን የሚለካለት፣ ጆሮ ለከበዳቸው አዛውንት ጥያቄውን በሚገባቸው ቋንቋ የሚደግምላቸውና የታዘዘው መድኃኒት በትክክል መወሰዱን የሚከታተል ሰው ከሌለ ምስሉ ብቻውን ፋይዳ የለውም። እ.አ.አ በ2009 የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያን ወደ ነዋሪው ቤት የማድረስ ልምድ ያስተዋወቀ በመሆኑ፣ ለርቀት ሕክምና መነሻ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የመሠረተ ልማት አስተማማኝነት ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም በዘለቀው ጦርነት በትግራይ የስልክ፣ የኢንተርኔት፣ የባንክና የኤሌክትሪክ አገልግሎቶች ለረጅም ጊዜ ተቋርጠው እንደነበር ይታወሳል። መቀሌ ከብሔራዊ የኤሌክትሪክ መረብ ጋር ዳግም የተገናኘችው የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ከአንድ ወር በኋላ፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም ነበር። ሕክምናን በመስመር ላይ ብቻ መመሥረት መስመሩ ሲቋረጥ አረጋዊውን ያለ ሐኪም እንደሚያስቀር ከዚህ መረዳት ይቻላል። ስለዚህ የመጠባበቂያ ኃይል፣ በወረቀት የሚያዝ የሕክምና መዝገብ፣ በቂ የመድኃኒት ክምችትና የአምቡላንስ ዝግጅት የዕቅዱ አካል መሆን ይኖርባቸዋል።

ሦስተኛው ምሥጢር መጠበቅ ነው። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድባል። የአረጋዊ ቁስል ፎቶግራፍ በባለሙያ የግል ስልክ ተነሥቶ ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፍ አይገባም። ምስሉ ከመላኩ በፊትም የባለቤቱ ፈቃድ ሊጠየቅ ይገባል።

በ1987 ዓ.ም በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እርዳታ እንዲያደርግ ይደነግጋል። በውስን በጀት ይህንን ኃላፊነት ለመወጣት፣ ውድ መሣሪያ ከመግዛት አስቀድሞ ለአንድ ክፍለ ከተማ የሠለጠነ ባለሙያ፣ የደም ግፊትና የስኳር መለኪያ፣ በተወሰነ ሰዓት ስልክ የሚያነሣ ሐኪምና ግልጽ የሪፈራል መመሪያ ማዘጋጀት ይቀድማል። እነዚህ ከተሟሉ ተራ የስልክ ጥሪም ሕክምና ይሆናል፤ ካልተሟሉ ግን ዘመናዊው መሣሪያ በመጋዘን ከመቀመጥ አያልፍም።