መሬት ሲያልቅ ትምህርት ቤቱ ምን ያወርሳል?

የ2017 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ፣ ከተፈተኑት ከ585 ሺሕ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህም መሻሻል ነው ተባለ። እውነትም ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ያለፉት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። በ2014 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ነበሩ። በየዓመቱ ወሬው ሁሉ ስላለፉት ነው፤ ቀጥሎም ጥቂት ብቻ ያለፉበትን ምክንያት እንከራከራለን። ከጌዴኦዋ ዲላ ከተማ ሆኖ ለሚያየው ግን የሚቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው። ከመቶ ተማሪ ዘጠናው ምን ይዞ ከትምህርት ቤት ወጣ?

ጥያቄው በጌዴኦ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ከዲላ ወደ ወናጎና ይርጋጨፌ በሚወስደው የሞያሌ መንገድ ግራና ቀኝ የሚታየው ያልተቋረጠ ደን የገበሬ ጓሮ ነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራ ያጠላሉ፤ በመሐል እንሰት፣ ከሥር ቡና አለ። በዚህ ጥላ ሥር የሚኖረው ሕዝብ ጥግግት ከአገሪቱ ገጠሮች ሁሉ እጅግ ከፍተኛ ከሚባሉት ነው። በ1999 ቆጠራ 847,434 ሰው የተመዘገበበት ዞን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ600 ሰው በላይ ይኖርበት ነበር፤ ያ ከሆነም ሁለት ዐሥርት ሊሞላ ነው። ከአባቱ የተረፈውን ቁራሽ ይዞ የኖረ ገበሬ ለአራት ልጆቹ የሚያካፍለው መሬት የለውም። ስለዚህ ደብተርና ዩኒፎርም ይገዛል። ለጌዴኦ ወላጅ ትምህርት የመሬት ምትክ ነው። ያ ምትክ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ጉዳቱ ከአንድ ፈተና መውደቅ ያልፋል፤ ውርስ ማጣት ነው።

ልጁ ወደ ፈተናው የሚደርሰውም በብዙ እንቅፋት ነው። ቤት ውስጥ ጌዴኡፋ፣ ገበያ ላይ አማርኛ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል፤ የሚፈተነውም ለመጻፍ እንጂ ለመናገር ዕድል ባላገኘበት በሦስተኛው ቋንቋ ነው። በ2010 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሲፈናቀል ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆነው ነበር። ያን ጊዜ አምስተኛ ክፍል የነበረ ልጅ፣ ሳይደግም ከቀጠለ፣ በ2017 ለማትሪክ የተቀመጠው ነው። ያለፈው ፍሬሽማን ይሆናል፤ ጥቂት የጎደለው ሪሜዲያል ይገባል። ለቀረው «ቴክኒክና ሙያ ግባ» ይባላል። ይህ ምክር ለብዙ ቤተሰብ የሽንፈት ማረጋገጫ ነው።

ወላጆች ሙያን ይንቃሉ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ታሪኩን ለሚያውቅ ግን ጥርጣሬያቸው መሠረት አለው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን «ኮምፕሪሄንሲቭ» የተባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከቀለሙ ጎን የእንጨትና የብረት ሥራ፣ የጽሕፈት መኪና፣ የሒሳብ መዝገብ አያያዝና የቤት አያያዝ ያስተምሩ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ነው። ቆይቶ በ1960ዎቹ አጋማሽ «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት ለአብዛኛው ሕፃን አራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ሰጥቶ ወደ ሥራ ማሰማራትን ሲያቀርብ፣ መምህራንና ወላጆች የድኃው ልጅ ከሞፈርና ከቀንበር እንዳይወጣ ሊደረግ ነው ብለው ተነሡ። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ጥናቱም ተጣለ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ዐሥረኛ ክፍል ላይ ሁለት መንገድ ዘረጋ። ነጥብ ያመጣ ወደ መሰናዶ፣ ያላመጣ ወደ ሙያ ሄደ። ብየዳና ኤሌክትሪክ ሥራ ክቡር ሙያዎች ናቸው፤ የገቡበት በር ግን «የወደቀ» የሚል ምልክት ለጠፈባቸው። ሙያ ከውድቀት በኋላ የሚታወስ ነገር እስከሆነ ድረስ ወላጅ ልጁን በፈቃዱ አይሰጠውም፤ አለመስጠቱም ትክክል ነው።

በ2015 የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲና ሥርዓተ ትምህርቱ ይህን ለማረም ሞክረዋል። ሁለተኛ ደረጃ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሁለት አንድ ወጥ ሆኗል፤ በዐሥራ አንደኛና በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የሙያ ትምህርቶች ገብተዋል። ነገር ግን የሙያ ትምህርት መጽሐፍ ብቻውን ሙያ አያስተምርም። ወርክሾፕ፣ መሣሪያ፣ እጁ ሥራ የለመደ መምህር ይፈልጋል። ጌዴኦ ግን ከግንብ ወርክሾፕ የሚበልጥ ነገር በደጁ አለው።

በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል ዞኑ በሙሉ ይሠራል። ቀይ እሸት ይለቀማል፤ በዚያው ቀን ይፈለፈላል፤ በገንዳ ይብላላል፤ ታጥቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ እስኪደርቅ ቀን በቀን ይገላበጣል። የመብላላቱ ሰዓት ቢያልፍ፣ እርጥበቱ ሳይለካ ቢከማች፣ የይርጋጨፌ ስም ያለው ቡና ተራ ቡና ሆኖ ይቀራል። ሰዓቱ ደረሰ የሚለው ሰው ኬሚስትሪና ባዮሎጂ እየሠራ ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር እልፍ ሲል ተማሪው ፈርመንቴሽን የሚለውን ቃል ለፈተና ይሸመድዳል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው የለም። ይህን እንደ ትልቅ ብክነት አየዋለሁ።

ቡናው ከአልጋ ከወረደ በኋላም ሥራው አያልቅም። ዲላ ላይ ቡና ተቀብሎ ደረጃ የሚያወጣ ማዕከል አለ። በዚያ የሚቀምሱት ባለሙያዎች የገበሬ ማኅበራት ዩኒየኑ፣ ላኪውና የውጭ ገዢው የሚተማመኑበትን ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከመቶ 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና ልዩ ጣዕም ተብሎ በተለየ ዋጋ ይሸጣል። ከልጅነቱ ቡና እየሸተተው ላደገ ተማሪ ከዚህ የሚቀርብ ሙያ ምን አለ? መፈልፈያ ማሽን የሚጠግን፣ የማኅበር ሒሳብ የሚይዝ፣ የችግኝ ጣቢያ የሚመራ፣ ያረጀ ቡና በጉንደላ የሚያድስ ሰውም ያስፈልጋል። አሁን ደግሞ አዲስ ሥራ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ያጸደቀው ሕግ፣ ተግባራዊነቱ ቢራዘምም፣ ደን ተመንጥሮ በተተከለ ማሳ ላይ የበቀለ ቡና እንዳይገባ ይከለክላል፤ እያንዳንዱ ማሳ በካርታ ላይ ያለበት ቦታ እንዲመዘገብም ይጠይቃል። የጌዴኦ ማሳዎች ደግሞ ትንንሽና እጅግ ብዙ ናቸው። ይህን መዝገብ በስልክ ይዞ ከደጅ ወደ ደጅ የሚሄድ፣ ለገበሬው በጌዴኡፋ የሚያስረዳና ሰነዱን በእንግሊዝኛ የሚሞላ ወጣት ማን ነው? ሦስቱ ቋንቋዎች ፈተና ክፍል ውስጥ ሸክም ሆኑበት እንጂ እዚህ ሀብቱ ናቸው።

በመስከረም 2016 ዩኔስኮ የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። የቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች፣ የሶንጎ ሽማግሌዎች የሚዳኙባቸው ቦታዎችና የጥምር እርሻው ዕውቀት አሁን አስጎብኚ፣ ጠባቂ፣ መዝጋቢ ይፈልጋሉ። ቅርሱ የተጠበቀው በገበሬው እጅ ነው፤ የገበሬው ልጅ ግን ስለ እርሱ በትምህርት ቤት የሚማረው ጥቂት ነው።

«ፋብሪካ ይግቡ» የሚል መልስም አለ። በ2008 የተከፈተው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከዲላ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ለደቡብ ወጣት፣ በተለይ ለሴቶች፣ በር ከፍቷል። ሆኖም በታኅሣሥ 2014 ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የአጎዋ ገበያ ስትታገድ ሥራው ምን ያህል በሩቅ አገር ውሳኔ ላይ እንደቆመ ታየ። ቡናንም የዓለም ዋጋ ያንገላታዋል። ልዩነቱ፣ የቡናው ዕውቀት ከልጁ ጋር ይቀራል።

የቡናው ሙያ ዝግጅት መጀመር ያለበት ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ተማሪው አላፊም ወዳቂም ሳይባል። የክፍሉ አንደኛ የሚወጣውም ቡና መቅመስን ይሞክር፤ ነገ ሐኪም ቢሆን አይጎዳውም። መምህራንና የጤና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ዲላ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን በክረምት የማብቃት ልምድና ሰው አለው። ዩኒየኖችና የቡና ማጠቢያ ባለቤቶች ደግሞ ቦታው አላቸው። ጌዴኦ የሚገኝበት፣ በ2015 የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልልም የትምህርት መርሐ ግብሩን ከለቀማው ወቅት ጋር ለማስማማት ይችላል። ዛሬ በለቀማ ጊዜ ከክፍል የሚቀር ልጅ ቀሪ ተብሎ ይመዘገባል፤ ያው ሥራ በመምህር ተመርቶ፣ ተመዝኖ ነጥብ ሊያዝለት ሲችል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር በጽሑፍ መስፈር አለበት። አንደኛው ክፍያ ነው። ተማሪ ወደ ማጠቢያ የሚሄደው ሊማር ነው፤ ነፃ ጉልበት ሆኖ ከተቆጠረ የ1966ቱ ፍርሃት እውነት ይሆናል። የሥራ ሰዓቱ ገደብ፣ ዕድሜውና ደመወዙ ተማሪው ከመሄዱ በፊት ከባለቤቱ ጋር ውል ሊገባባቸው ይገባል። ሁለተኛው የሴት ልጆች ጉዳይ ነው። አልጋ ላይ ጎንበስ ብለው ከማለዳ እስከ ማታ የተበላሸ ፍሬ የሚለቅሙት በብዛት ሴቶች ናቸው፤ ማሽኑ፣ ሚዛኑና የቅምሻው ጠረጴዛ ግን በአብዛኛው በወንዶች እጅ ነው። ሥልጠናው ሴት ተማሪዎችን ወደ አልጋው፣ ወንዶችን ወደ ማሽኑ ከላከ አዲስ ነገር አላመጣም። የመጀመሪያዎቹ የቅምሻ ወንበሮች ግማሽ ለሴቶች ይያዙ፤ ይህም በሥልጠናው የአፈጻጸም መመሪያ ውስጥ ተማሪ ከመመዝገቡ በፊት ይግባ።