ማን ይሸጥ? ማንስ ይቆይ?፦ የተጫዋቾች ገበያ በማይደርስባት ሐርጌሳ

በተከታታይ የሚሸነፍ ቡድን መሪዎች፣ የትም አገር ይሁኑ፣ አንድ ቀን ተመሳሳይ ጥያቄ ይደቀንባቸዋል። ከያዟቸው ተጫዋቾች ማንን ይሽጡ? ማንንስ ያቆዩ?

የአሜሪካ ቤዝቦል ይህንን ጥያቄ የሚመልሱ የስሌት ባለሙያዎችን ቀጥሮ ያሠራል። የአውሮፓ እግር ኳስ ደግሞ ግዙፍ ገበያ አቁሞለታል። በሶማሊላንድ ዋና ከተማ በሐርጌሳ ግን ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። የከተማዋ ክለብ ጎበዝ ተጫዋቹን ወደ ውጭ ቢለቅ ዓለም አቀፉ ሕግ የሚያስከብርለት ክፍያ የለም። ላቆየው ቢልም ድንበር ተሻግሮ የሚጸና ውል በእጁ የለም።

ለመሆኑ ገበያ በሌለበት የተጫዋች ዋጋ በምን ይለካል? የተሳሳተ ውሳኔስ ምን ያስከፍላል?

ተጫዋችን በተጫዋች መለወጥ

ውሳኔው ገበያ ባለበት እንዴት እንደሚሰጥ ለመረዳት ቤዝቦል ጥሩ ማሳያ ነው። በአሜሪካው ዋና የቤዝቦል ሊግ 30 ቡድኖች ይወዳደራሉ፤ እያንዳንዱም በመደበኛው የውድድር ዘመን 162 ጨዋታዎችን ያደርጋል። እንደ እግር ኳስ በገንዘብ ከመግዛት ይልቅ የተለመደው ተጫዋችን በተጫዋች መለወጥ ነው። ውሉ ካልከለከለ ወይም በሊጉ ረጅም ዓመት በማገልገሉ ልዩ መብት ካላገኘ በስተቀር፣ ተጫዋቹ ሳይስማማም ወደ ሌላ ከተማ ሊላክ ይችላል።

የልውውጡ መዝጊያ ቀን በሐምሌ መጨረሻ ገደማ ነው። ቀኑ ሲቃረብ ደካማው ቡድን ሦስት ነገሮችን ይመዝናል። ቡድኑ ለዋንጫ የሚበቃው መቼ ነው? ተጫዋቹ በቡድኑ እጅ የሚቆይበት ስንት ዓመት ቀረው? በእርሱ ምትክስ ምን ሊገኝ ይችላል? አንድ ተጫዋች በዋናው ሊግ 6 የአገልግሎት ዓመታት ሲሞላና ውል ከሌለው የፈለገበት የመሄድ መብት ስለሚያገኝ፣ የቀረው ጊዜ ባጠረ ቁጥር ለሻጩ ያለው ዋጋ ይቀንሳል።

የቺካጎ ዋይት ሶክስ ታሪክ ይህንን በግልጽ ያሳያል። ቡድኑ እአአ በ2024 ከ162 ጨዋታዎች 121ዱን ተሸነፈ፤ ይህም ከ1900 ወዲህ በአንድ የውድድር ዘመን የተመዘገበ ከፍተኛው የሽንፈት ቁጥር ነው። ምርጥ ኳስ ወርዋሪውን ጋሬት ክሮሼን ግን በሐምሌው መዝጊያ ቀን አልለቀቀም። እስከ ታኅሣሥ ጠብቆ ለቦስተን ሬድ ሶክስ ሰጠውና በምትኩ አራት ወጣት ተጫዋቾችን ተቀበለ። በቀጣዩ ዓመት ሽንፈቱ ወደ 102 ወረደ። ያኔም ደካማ ቡድን ነበር፤ ወጣቶቹ ግን ሜዳ መግባት ጀምረው ነበር።

የሂዩስተን አስትሮስ ጉዞም ይነሳል። ከ2011 እስከ 2013 በየዓመቱ ከ100 በላይ ጨዋታዎችን ተሸነፈ፤ ነባሮቹን እየለቀቀ ወጣቶችን ሰበሰበ፤ በ2017 የዋንጫ ባለቤት ሆነ። በኋላ የተጋጣሚን ምልክት በካሜራ በመስረቅ ቅሌት ድሉ ቢደበዝዝም፣ የመልሶ ግንባታው ስልት በብዙዎች ተቀድቷል።

ይህ ሁሉ ትዕግሥት የሚቻለው ግን ሥርዓቱ ተሸናፊውን ስለሚደግፍ ነው። በአሜሪካ ቤዝቦል ወደ ታችኛው ሊግ መውረድ የለም። እንዲያውም የተሸነፈ ቡድን አዳዲስ ወጣቶችን በመምረጥ ቅድሚያ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል።

እግር ኳስ፦ ሰነዱ የሚያመጣው ገንዘብ

በእግር ኳስ ያለተጫዋቹ ፈቃድ ዝውውር አይፈጸምም፤ ደካማ ቡድንም ከሊጉ ይወርዳል። ከ1995ቱ የቦስማን ፍርድ ወዲህ ደግሞ ውሉ ያለቀ ተጫዋች በነጻ ይሄዳል። ስለዚህ ክለቦች ተጫዋቹን ውሉ ሳያልቅ መሸጥ ወይም ውሉን ማራዘም ይጠበቅባቸዋል።

አነስተኛ ክለቦችን የሚታደጉ ሁለት የፊፋ ድንጋጌዎች አሉ። የመጀመሪያው የሥልጠና ካሳ ነው። ተጫዋቹ የመጀመሪያውን የባለሙያ ውል ሲፈርም፣ ከዚያም 23 ዓመት እስከሚሞላበት ዓመት ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዛወር፣ ከ12 እስከ 21 ዓመቱ ያሠለጠኑት ክለቦች ካሳ ይጠይቃሉ። ሁለተኛው የአጋርነት ክፍያ ሲሆን፣ ከዝውውሩ ገንዘብ 5 በመቶው ተጫዋቹን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል።

በሁለቱም የሚያሠለጥን ክለብ፣ ተጫዋቹ ከእጁ ከወጣ ከዓመታት በኋላ እንኳ የድካሙን ዋጋ ያገኛል። ሁለቱም ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አላቸው። ክለቡና ተጫዋቹ በፊፋ አባል ፌዴሬሽን ሥር መመዝገብ አለባቸው።

በኢትዮጵያ ይህ መንገድ ክፍት ነው። አቡበከር ናስር በ2020/21 የውድድር ዘመን በፕሪሚየር ሊጉ 29 ጎሎችን በማስቆጠር ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በ2022 ደግሞ ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛወረ። ክለቦች አንድን ጎል አስቆጣሪ ለማቆየት ወይም ለመልቀቅ ሲወስኑ እንዲህ ያለው የዝውውር በር መኖሩን ያሰላሉ።

ሐርጌሳ ከመዝገቡ ውጭ

ሶማሊላንድ እአአ በግንቦት 1991 ከሶማሊያ መለየቷን አውጃለች፤ የራሷ መንግሥት፣ ገንዘብና ምርጫ አላት። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል ግን አይደለችም። ፊፋም የአባልነት መስፈርቱን በዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ እውቅና ካገኘ ነጻ አገር ጋር ያያይዛል። በፊፋ ዘንድ አባል የሆነው መቀመጫው ሞቃዲሾ ያለው የሶማሊያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ብቻ ነው።

ለሐርጌሳ ክለቦች ይህ ከፖለቲካ በላይ የዕለት ተዕለት ችግር ነው። ተጫዋች ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ሲዛወር የሚያስፈልገውን ዓለም አቀፍ የዝውውር የምስክር ወረቀት የሚሰጠው የፊፋ አባል የሆነ ፌዴሬሽን ነው። ከ2010 ጀምሮ ግዴታ በሆነው የኤሌክትሮኒክ የዝውውር መዝገብም የሶማሊላንድ ማኅበር ቦታ የለውም። በመሆኑም የሐርጌሳ ክለብ ያሳደገው ልጅ ነገ በድሬዳዋ፣ በናይሮቢ ወይም በለንደን ቢፈርም፣ ክለቡ የአሳዳጊነት ድርሻውን የሚጠይቅበት መስኮት የለም።

በግል ውል ድርሻን ማስጠበቅም ቀላል አይደለም። ፊፋ ከ2015 ወዲህ ሦስተኛ ወገኖች ከተጫዋች ዝውውር ጥቅም እንዳይካፈሉ ከልክሏል። በፊፋ መዝገብ የሌለ ክለብ በዚህ ሕግ ዓይን ሦስተኛ ወገን ተብሎ ሊቆጠር ይችላል።

እንዲህ ያለ ችግር የገጠማት ሶማሊላንድ ብቻ አይደለችም። ዛንዚባር በመጋቢት 2017 በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን አባልነት ተቀባይነት ብታገኝም፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ውሳኔው ተሽሯል። ኮሶቮ ግን የተባበሩት መንግሥታት አባል ሳትሆን በ2016 ፊፋን መቀላቀል ችላለች፤ ነጻነቷን በርካታ አገሮች ተቀብለው ስለነበር ነው። ሶማሊላንድ በበኩሏ በዚያው ዓመት በአብካዚያ በተካሄደው፣ ከፊፋ ውጭ ያሉ ቡድኖች በሚገናኙበት የኮኒፋ የዓለም ዋንጫ ተሳትፋለች። ያ መድረክ ባንዲራን ያሳያል እንጂ የዝውውር ገበያ አይከፍትም።

ዋጋው በምን ይለካል?

ገበያ በሌለበት ቤዝቦል የሚጠይቃቸው ሦስቱ ጥያቄዎች መልሳቸው ይለወጣል።

‘በምትኩ ምን ይገኛል?’ የሚለው ከአገር ውስጥ ስምምነት አያልፍም። ‘ስንት ዓመት በእጃችን ይቆያል?’ የሚለውን ከውል ይልቅ የልጁ ኑሮ ይመልሰዋል። ሥራ ካገኘ፣ ትምህርቱን ከቀጠለ፣ ቤተሰቡ ከደገፈው ይቆያል፤ ካልሆነ ይሄዳል። ‘የምናሸንፈው መቼ ነው?’ የሚለውም ክለብ ለክለብ ብቻ አይደለም። በሶማሊላንድ ከፍተኛ ትኩረት ከሚስቡት ውድድሮች አንዱ ክልሎች የሚፋለሙበት ነውና፣ ተጫዋቹ ከክለቡ ባሻገር የትውልድ አካባቢው ተወካይ ይሆናል።

ዕድሜም ሌላው እንቆቅልሽ ነው። በገበያ ላይ የ19 ዓመትና የ24 ዓመት ተጫዋች ዋጋ ሰፊ ልዩነት አለው። ሐርጌሳ ግን በ1988 በቦምብ የፈራረሰች፣ ነዋሪዎቿ የተሰደዱባት፣ ከዚያ እንደገና የተሠራች ከተማ ናት። የልደት ምዝገባ ባልተስፋፋበት፣ የልጁን ትክክለኛ ዕድሜ በሰነድ ማረጋገጥ ያልቻለ ክለብ የዕድገት ተስፋውንም በእርግጠኝነት መገመት ይቸግረዋል።

እዚህ ላይ የኦክላንድ አትሌቲክስ ትምህርት ይጠቅማል። ይህ የቤዝቦል ቡድን ከ2001 የውድድር ዘመን በኋላ ሦስት ታላላቅ ተጫዋቾቹን ሀብታም ክለቦች ወሰዱበት። እነርሱን የሚተካ ገንዘብ ስላልነበረው ሌሎች ችላ ያሉትን ችሎታ ፈለገ፤ በተለይም በማንኛውም መንገድ የመጀመሪያውን ማረፊያ ደጋግሞ መርገጥ የሚችለውን መቺ። በ2002 በተከታታይ 20 ጨዋታዎችን፣ በጠቅላላው 103 አሸነፈ። መልዕክቱ ለድሃ ቡድን ግልጽ ነው፤ ሁሉም የሚያየውን ኮከብ ማሳደድ ትቶ፣ በመዝገብ ላይ ተመሥርቶ ያልታየውን መፈለግ።

ለሐርጌሳ ክለብ ይህ ማለት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ማን ስንት ደቂቃ ተጫወተ? ከጉዳት በኋላ በስንት ሳምንት ተመለሰ? ልምምድ ሳያቋርጥ የሚመጣው ማን ነው? ይህን በደብተር የያዘ አሠልጣኝ፣ ከሁለት ወጣቶች አንዱን ለመምረጥ ከስሜት የተሻለ መሠረት ይኖረዋል። ነባሩን ተጫዋችም በጎሉ ብቻ አይመዝነውም፤ ታናናሾቹን የሚያስተምር ከሆነ ምትክ በማይገዛበት ከተማ እርሱን መልቀቅ ኪሳራ ነው።

የተሳሳተ ውሳኔ ዋጋ

በአሜሪካ ያለጊዜው የተለቀቀ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቡድን ይጠብቀዋል። በሐርጌሳ ከቡድኑ የተቀነሰ የ18 ዓመት ወጣት ፊት ለፊቱ የሚያገኘው ሌላ መንገድ ሊሆን ይችላል። ሶማሌዎች ‘ታህሪብ’ ይሉታል፤ በኢትዮጵያ፣ በሱዳንና በሊቢያ አቋርጦ በባሕር ወደ አውሮፓ የሚደረገው ሕገ ወጥ ጉዞ። በመንገዱ ወጣቶችን አግተው ከቤተሰብ ገንዘብ የሚጠይቁ ደላሎች አሉ፤ በረሃውና ባሕሩም የብዙዎችን ሕይወት ቀጥፈዋል።

ስፖርተኞችም ከዚህ አላመለጡም። በ2008 የቤይጂንግ ኦሊምፒክ በ200 ሜትር የሮጠችው የሞቃዲሾዋ ሳሚያ ዩሱፍ ኦማር፣ አሠልጣኝ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ከመጣች በኋላ በሊቢያ በኩል ወደ አውሮፓ ለመሻገር ስትሞክር በ2012 ሜዲትራኒያን ላይ ሕይወቷ አልፏል። ፈጣን እግር ነበራት፤ ያልነበራት ወደፊት የሚያደርሳት ሕጋዊ መንገድ ነው።

ለዚህ ነው በሐርጌሳ ‘ማቆየት’ ከሜዳ ያለፈ ትርጉም የሚኖረው። ተጫዋቹን በቋሚ አሰላለፍ ውስጥ ማካተት ብቻውን አያቆየውም። የልምምዱን ሰዓት ከትምህርቱ ወይም ከሥራው ጋር ማስማማት፣ የቀን ሥራ እንዲያገኝ መርዳት፣ ከዋናው ቡድን ቢቀነስ እንኳ በታዳጊዎች ረዳት አሠልጣኝነት ወይም በዳኝነት ቦታ መስጠት፤ የዝውውር ገንዘብ የሌለው ክለብ በእጁ ያሉት መሣሪያዎች እነዚህ ናቸው።

መልቀቅም አንዳንዴ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ተጫዋቹ በሕጋዊ ሰነድ፣ በትምህርት ዕድል ወይም በቤተሰብ ግብዣ የተሻለ ሜዳ ካገኘ፣ ክለቡ ምንም ሳያገኝ ቢሸኘው ለልጁ ይበጃል። ያሠለጠነበትን ዓመታት የሚመሰክር፣ ቀንና ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ግን አብሮ ሊሰጠው፣ ቅጂውንም በማኅደሩ ሊያስቀምጥ ይችላል። ያ ደብዳቤ ዛሬ ፊፋ ዘንድ ገንዘብ አያስገኝም። የሶማሊላንድ እግር ኳስ በር አንድ ቀን ቢከፈት ግን፣ ልጁን ማን እንዳሳደገው የሚናገር ማስረጃ የሚኖረው ዛሬ የመዘገበ ክለብ ብቻ ነው።