የቤተሰብ ፎቶግራፎችን በቪዲዮ ስናቀናብር

የኢሉባቦር ዝናብ ለቡናው ረሕመት ነው፤ ለወረቀት ግን ጠላት። በየሣጥኑ የተቀመጡት የአባቶቻችን ፎቶግራፎች በእርጥበት እየተጣበቁና እየደበዘዙ ናቸው። ዛሬ በእጅ ስልክ እንኳ ፎቶግራፎችን አንስቶ በቪዲዮ ማቀናበር ስለሚቻል፣ የመቱ፣ የጎሬና የያዮ ወጣቶች ሙያውን ለኒካሕ ዝግጅት ብቻ ሳይሆን ይህን ቅርስ ለማትረፍም ሊያውሉት ይገባል እንላለን።

የመጀመሪያው ሥራ መምረጥ ነው። አንድ ፎቶግራፍ በአማካይ 5 ሰከንድ ቢቆይ በ5 ደቂቃ የሚታዩት 60 ብቻ ናቸው፤ ከዚያ ካለፈ ተመልካች ይሰለቻል። ብዙ ሰው ያለበት ፎቶግራፍ ፊቶቹ እስኪለዩ 7 ወይም 8 ሰከንድ ይሰጠው፤ ለአንድ ሰው ምስል 4 ይበቃል።

ሁለተኛው እንቅስቃሴ ነው። አሜሪካዊው ኬን በርንስ እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ አገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ባቀረበው ፊልም ካሜራው በቆዩ ፎቶግራፎች ላይ በዝግታ እየተጠጋና እየራቀ ይሄዳል። እኛም ከሰፊው ምስል ተነስተን ወደሚነገርለት ሰው ፊት ቀስ ብለን እንጠጋ። የሚሽከረከሩና የሚፈነዱ መሸጋገሪያዎች ይቅሩ፤ አንዱ ምስል ደብዝዞ ሌላው ቢተካ ይበቃል።

ሦስተኛው ድምፅ ነው። መንዙማ ወይም ነሺዳ መልካም ነው፤ የአያት ድምፅ ግን ይበልጣል። ጎሬ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያን ከተያዘች በኋላ የመንግሥቱ ጊዜያዊ መቀመጫ ነበረች። እዚያ የተነሳ የቆየ ፎቶግራፍ ማን፣ የትና መቼ እንደሆነ ካልተነገረለት ለልጅ ልጅ ባዶ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን አስቀድማችሁ ቅዱ፤ በኦሮምኛ ቢናገሩም በአማርኛ ቃላቸው አይለወጥ። ከዚያ ፎቶግራፎቹን በንግግራቸው ቅደም ተከተል ደርድሩ። ያላረጋገጣችሁትን ስምና ዓመተ ምሕረት በምስሉ ላይ አትጻፉ።

ከሁሉም በላይ ፎቶግራፍ አማና ነው። እህታችን ሒጃብ ከመልበሷ በፊት የተነሳችው፣ እናታችን ለቤቷ ብቻ ብላ ያስቀመጠችው ምስል ያለ ፈቃዳቸው በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ቢለቀቅ ተመልሶ አይሰበሰብም። ስለዚህ ቪዲዮው ለሰው ከመታየቱ በፊት ባለቤቶቹ ይዩት፤ «ይውጣ» ያሉት ያለ ክርክር ይውጣ። ዋናዎቹን ፎቶግራፎችም ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ ቪዲዮ አይተካቸውምና።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።