ቤዛነትና ጽድቅ፦ ሁለት ጥያቄዎች፣ አንድ ረጅም ሙግት

ክርስቶስ የሞተው ለሰው ልጆች ድኅነት መሆኑን የማያምን ቤተ ክርስቲያን የለም። ሙግቱ የሚነሣው ከዚያ ወዲህ ነው። ሞቱ ሰውን ያዳነው እንዴት ነው? ሰውስ ያን ድኅነት የራሱ የሚያደርገው በምን ነው? የፊተኛው ጥያቄ ስለ ቤዛነት፣ የኋለኛው ስለ ጽድቅ ነው። ለአንዱ የሚሰጠው መልስ የሌላውንም መልስ ይዞ ይመጣል።

መነሻው ብሉይ ኪዳን ነው። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 እንደተደነገገው፣ በማስተስረያ ቀን ሊቀ ካህናቱ በሁለት ፍየሎች ላይ ዕጣ ይጥላል። አንዱ ታርዶ ደሙ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ይገባል። በሌላው ራስ ላይ ሊቀ ካህናቱ እጆቹን ጭኖ የሕዝቡን ኃጢአት ይናዘዝበታል፤ ፍየሉም ወደ ምድረ በዳ ይሰደዳል። አንዱ ያነጻል፣ ሌላው ተሸክሞ ይሄዳል። ኢሳይያስ ምዕራፍ 53 ላይም ለሌሎች በደል የሚቆስል አገልጋይ አለ። ሐዋርያት የመስቀሉን ምሥጢር የተረዱት በእነዚህ በኩል ነው። ጳውሎስ ለሮሜና ለገላትያ ሲጽፍ ጽድቅ በሕግ ሥራ ሳይሆን በእምነት መሆኑን አስተማረ፤ ያዕቆብ ደግሞ ምግባር የሌለውን እምነት ነቀፈ።

የጥንት አባቶች መልስ አንድ ወጥ አልነበረም። አትናቴዎስ ያተኮረው ቃል ሥጋ ሆኖ ሞትን በመሻሩ ላይ ነው። ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ፣ መለኮት በሥጋ ተሰውሮ ሳለ ዲያብሎስ እንደ ዓሣ መንጠቆውን ዋጠ አለ። ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ግን ቤዛው ለዲያብሎስ ተከፈለ የሚለውን ሐሳብ አጥብቆ ተቃወመ። የጥንት ጉባኤያት ክርስቶስ ማን እንደሆነ በዝርዝር ሲደነግጉ፣ ሞቱ እንዴት እንዳዳነ የሚያብራራ ድንጋጌ አላወጡም።

ምዕራቡ ዓለም ወደ ዕዳና ወደ ፍርድ ቋንቋ ያዘነበለው ከካንተርበሪው አንሰልም ወዲህ ነው። አንሰልም በ1098 (ዓመታቱና ወራቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጨረሰው መጽሐፉ እንዲህ ሞገተ፦ ኃጢአት የእግዚአብሔርን ክብር ስለነካ ካሳ ያሻዋል፤ ባለዕዳው ሰው ነው፤ መክፈል የሚችል ግን እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ስለዚህ አምላክም ሰውም የሆነ መካስ ነበረበት። ከእርሱ ጥቂት ቆይቶ የተነሣው አቤላርድ ደግሞ መስቀሉ የሰውን ልብ በፍቅር የሚያነድ መሆኑን አጎላ።

በ16ኛው መቶ ዘመን ሁለቱ ጥያቄዎች ተያያዙ። በሕግ ትምህርት የሠለጠነው ካልቪን፣ ክርስቶስ ለኃጢአተኛው የሚገባውን ፍርድ በእርሱ ፈንታ ተቀበለ አለ፤ የምትክነት ትምህርት የሚባለው ይህ ነው። ነገሩ በችሎት ቋንቋ ከተነገረ፣ መጽደቅም ብያኔ ይሆናል። ሉተር እንዳስተማረው አማኙ የሚጸድቀው በራሱ ሥራ ሳይሆን በእምነት በተቆጠረለት በክርስቶስ ጽድቅ ነው። የትሬንት ጉባኤ በጥር 1547 በ16 ምዕራፎችና በ33 ቀኖናዎች መልስ ሰጠ፦ ጽድቅ የኃጢአት ይቅርታ ብቻ ሳይሆን የውስጥ ሰው መታደስም ነው፤ የሚጀምረው ጸጋ ቢሆንም ሰው አብሮ ይሠራል።

በምትክነት ትምህርት ላይ ጠንካራው ተቃውሞ በ1594 ከፋውስቶስ ሶሲኑስ መጣ። ዕዳው ሙሉ ከተከፈለ ይቅርታው የቱ ላይ ነው? ገንዘብ ሌላ ሰው ሊከፍልልህ ይችላል፤ ጥፋትና ቅጣትስ ከሰው ወደ ሰው ይዛወራል? የሆላንዱ የሕግ ሊቅ ግሮቲየስ በ1617 እግዚአብሔርን እንደ ሕግ አስከባሪ ገዢ አቅርቦ መለሰለት። በእኛ ዘመን ጆን ስቶት በ1986 የሰጠው መልስ ደግሞ፣ የተተካው ሌላ ሦስተኛ ወገን ሳይሆን ፈራጁ ራሱ ነው የሚል ነው። ስዊድናዊው አውሌን ደግሞ በ1930፣ ክርስቶስ ሞትንና ዲያብሎስን ድል ነሣ የሚለውን የጥንቱን ትምህርት ወደ መድረክ መልሶ ነበር።

በጳውሎስ ጥናትም መሬቱ ተናወጠ። ኢ. ፒ. ሳንደርስ በ1977 የጳውሎስ ዘመን አይሁድነት በሥራ መዳንን የሚሰብክ አልነበረም ብሎ ሞገተ። ጄምስ ደንና ኤን. ቲ. ራይት ከዚያ ተነሥተው የጳውሎስ ጭንቀት አሕዛብ ሳይገረዙ የኪዳኑ ቤተሰብ መሆናቸው ነው አሉ። ጆን ፓይፐር በ2007 የሉተርን ፈለግ ተከትሎ ራይትን ተቃወመ።

በኢትዮጵያ ሁለት መስመሮች ጎን ለጎን አሉ። በተዋሕዶ ትምህርት ድኅነት ለአዳም ከተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል፣ ማለትም የ5500 ዘመን ኪዳን ጀምሮ ይተረካል፤ ሰውም በእምነት፣ በጥምቀት፣ በቅዱስ ቁርባንና በምግባር ይካፈለዋል። ወንጌላውያን የክርስቶስን ምትክነትና በእምነት ብቻ መጽደቅን ያስቀድማሉ፤ ከእነርሱ አንዷ የሆነችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አባል ናት።

ይኸው ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በጥቅምት 31 ቀን 1999 በአውግስበርግ ከተማ ስለ ጽድቅ የጋራ መግለጫ ፈረሙ። በመግለጫው በቀረበው ትምህርት ላይ የ16ኛው መቶ ዘመን ውግዘቶች እንደማይፈጸሙ ተስማሙ። ሜቶዲስቶች በ2006፣ የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት በ2017 ተቀላቀሏቸው። ለዘመናት ያወጋገዘው ጥያቄ በዚህ መልኩ ሲረግብ፣ ጉባኤያት ያልደነገጉበት የቤዛነት ጥያቄ ግን ዛሬም ክፍት ነው። ስለዚህ በእነዚህ ክርክሮች የሚገባ ሰው አስቀድሞ የትኛው ጥያቄ እየተነሣ እንደሆነ ቢለይ፣ ከግማሽ በላይ ከሆነው አለመግባባት ይድናል።