በሕያው ሕዋስ ውስጥ ያለን ኦክሲጅን በብርሃን መለካት

በጣት ጫፍ ላይ የሚደረገው ፐልስ ኦክሲሜትር የሚነግረን በደም ወሳጅ ቧንቧ ያለው ሄሞግሎቢን ምን ያህል ኦክሲጅን እንደ ተሸከመ ነው። ኦክሲጅኑ ከሕዋሱ መድረስ አለመድረሱን ግን አይነግረንም። ብርቱ የደም ማነስ ያለበት ሕመምተኛ 98 በመቶ ሊያሳይ ይችላል፤ በከሰል ጭስ የታፈነውም እንዲሁ፤ የተለመደው መሣሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክሲጅን ከያዘው አይለይምና። ተመራማሪዎች በሕዋሱ ውስጥ ያለውን መጠን ለማየት ፎስፎረሰንት በሆኑ የብረታ ብረት ውሁዶች ይጠቀማሉ።

እነዚህ ውሁዶች በመካከላቸው እንደ ሩቴኒየም፣ ፕላቲነም፣ ፓላዲየም ወይም ኢሪዲየም ያለ ከባድ ብረት ይዘዋል። ተራው የፍሎረሰንስ ቀለም የተቀበለውን ብርሃን በናኖ ሰከንዶች ውስጥ መልሶ ይሰጣል። እነርሱ ግን በከባዱ ብረት አማካይነት ትሪፕሌት ወደሚባለው ሁኔታ ተሻግረው ለማይክሮ ሰከንዶች፣ አንዳንዶቹም ከዚያ ለረዘመ ጊዜ ይቆያሉ። ይህ ቆይታ ኦክሲጅን መጥቶ እንዲጋጫቸው ይበቃል፤ ሲጋጫቸውም ጉልበታቸውን ይወስድና ብርሃኑ ሳይወጣ ይቀራል። ስለዚህ ኦክሲጅን በበዛበት ስፍራ ብርሃኑ ደካማና ቶሎ የሚጠፋ፣ ባነሰበት ደግሞ ደማቅና የሚቆይ ይሆናል። የዝምድናውን ቀመር ሽተርንና ፎልመር በ1919 እ.ኤ.አ. አስቀምጠውታል፤ ቫንደርኩይ፣ ዊልሰንና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በፎስፎረሰንስ ኦክሲጅንን የመለካት ዘዴያቸውን በ1987 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል።

የብርሃኑን ድምቀት ብቻ መለካት ያሳስታል። አንዱ ሕዋስ ከጎረቤቱ የበለጠ ውሁድ ካጠራቀመ፣ ሳይጎድልበት ኦክሲጅን ያጣ ይመስላል። የሚታመነው ብርሃኑ ለመጥፋት የሚወስደው ጊዜ ነው፤ እርሱ በውሁዱ ብዛት እምብዛም አይለዋወጥም። ሆኖም ሙቀትና የሕዋሱ ፕሮቲኖች ስለሚነኩት፣ ልኬቱ በሕዋሱ ሁኔታ ውስጥ አስቀድሞ መስተካከል ይኖርበታል።

ዘዴው ከሁሉ ይልቅ የሚያጓጓው በካንሰር ጥናት ነው። ኦክሲጅን ያጣ የዕጢ ሕዋስ በጨረር ለመሞት፣ ኦክሲጅን ካገኘው ሕዋስ እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ መጠን ይፈልጋል፤ የትኛው የዕጢ ክፍል እንደ ታፈነ ማወቅ እንግዲህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች የኢሪዲየም ውሁድ ለአይጦች ሰጥተው ዕጢዎቹ ቀይ ሲያበሩ አሳይተዋል።

በአይጥ የታየው ሁሉ በሰው አይደገምም። የሚታይ ብርሃን በሕብረ ሕዋስ ውስጥ ከጥቂት ሚሊሜትር አልፎ ጥርት ያለ ምስል አይሰጥም። ከዚህም ሌላ፣ ጉልበቱን የወሰደው ኦክሲጅን ራሱ ሲንግሌት ኦክሲጅን ወደሚባል ጎጂ ዓይነት ሊለወጥ ይችላል። ብርሃኑ ከበዛ መለኪያው የሚለካውን ሕዋስ ይገድላል፤ ካነሰ ደግሞ ምስሉ ይደበዝዛል።